ጦር የሰበቀ በር

በአዲስ አበባ እንደ ባለ ብረት አጥር ያለ ቸር ሰው አላየሁም። ሳሎኑ ገና ልስን ነው፤ የልጆቹ መኝታ ቤት መስኮት መስታወት ስላልገባለት በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ሰውየው ግን በሩን ከሁሉ አስቀድሞ አሠርቷል። በበሩ ላይ የወይን ሐረግ ይጠማዘዛል፤ ጽጌረዳ ይፈነዳል፤ ሁለት አንበሶች ግራና ቀኝ ሆነው አፋቸውን ከፍተዋል፤ ከአናቱ ላይ ደግሞ ወርቅማ ቀለም የተቀባ የጦር ረድፍ ወደ ሰማይ ተሰብቋል። ይህ ሁሉ የሚታየው ከውጭ ነው። ከውስጥ ያለው የብየዳ ጠባሳ፣ ሳይሞረድ የቀረ ፍንጣሪና አንድ እጅ ብቻ የተቀባ አንቲረስት ነው። ባለቤቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ቡናውን ይዞ ሲቀመጥ ከአንበሳው የሚደርሰው ባዶው የራስ ቅል ነው። ፊቱንና ጋማውን የሚያዩት በቆሎ የምትጠብሰው ሴት፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅና ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ናቸው። ለማያውቀው መንገደኛ፣ ያውም ሌባ ሊሆን ይችላል ብሎ ለሚሰጋው መንገደኛ፣ ይህን ያህል ገንዘብ የሚመጸውት ሰው በየትኛውም ደጀ ሰላም አይገኝም።

ቸርነቱ ግን ልክ አለው። የብረት አጥር ከግንብ የሚለየው ስለሚያሳይ ነው። በዘንጎቹ መካከል ነፋስ ያልፋል፤ ፀሐይ ያልፋል፤ ግቢ ውስጥ የተተከለው አበባ ለመንገዱም ይተርፋል። ሰውየው ይህን አውቆና ወድዶ፣ ከፍሎም ያሠራዋል። ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱ፣ «ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ እያየ ነው እኮ» ትለዋለች። ያያል እንጂ፤ ሁለት አንበሳ አቁመው ሲጠሩት ምን ያድርግ! በያጁ እንደገና ይጠራና ከጌጡ ኋላ ከዳር እስከ ዳር ላሜራ ይለጠፋል። አቅሙ ያላደረሰው አረንጓዴ መረብ በሽቦ ያስራል። እንግዲህ አንድ ቤት ሁለት አጥር ኖረው ማለት ነው፤ አንዱ እንዲያሳይ፣ ሌላው እንዳያሳይ፣ ሁለቱም ሙሉ ዋጋ ተከፍሎባቸው። ሒሳቡ ያልገባው ካለ ባለ አጥሩን ባይጠይቅ ይሻላል፤ ለእሱም ገና አልገባውም።

ነገሩ የሚወለደው ብረታ ብረት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ቆመው ቢሰሙት የሚከተለውን የመሰለ ውል ነው።

«ጋሼ፣ በቱቦላሬ ይሁን በድፍን?»

«በጠንካራው።»

«ጠንካራው ይወደዳል። ዋጋውም የዛሬ ነው፤ ለነገ አላውቅም።» ብሩ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብረት የሚሸጥ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው።

«እንግዲያው በቱቦላሬ። ግን ጠንካራ እንዲመስል።»

«ይመስላል። ጦሩስ ስንት ሳንቲ ይሁን?»

«የጎረቤቴ ስንት ነው?»

«እሱን እኔ አልሠራሁትም፤ በዓይን ግን ሃያ ይሆናል።»

«ሃያ አምስት አድርገው።»

ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ሌባ የሚባል ፍጡር አንድም ጊዜ ስሙ አልተነሣም። የተነሣው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሠላሳ ሳንቲ እንደሚያደርገው በያጁ ያውቃል፤ ስለዚህ ሁለቱንም በአክብሮት ነው የሚያስተናግዳቸው። አሁን አሁን ደግሞ ሐረጉና አንበሳው የአባቶች ነገር ሆኖ፣ በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ላሜራውን እንደ ወረቀት እየቀደደ ቢራቢሮና የማር ቀፎ ያወጣበታል። ዘመናዊ ነው ይባላል። ማር የለውም እንጂ ቀፎው ያምራል።

በያጁን ግን አልነካውም። ሙያተኛ ነው፤ ያዘዙትን ይሠራል። የሚበይደው የዓይን መከላከያ ጭንብል አጥልቆ ሳይሆን ከመንገድ በተገዛ የፀሐይ መነጽር ነው። የብየዳ ብርሃን በዓይን የማይታይ ጨረር ስላለው ማታ ላይ ዓይኑ አሸዋ የተበተነበት ያህል ይቆረቁረዋል፤ የድንች ቁራጭ ሸፋኑ ላይ አድርጎ ይተኛል። የሚተኛበት ግቢ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም የአከራዩ።

እስቲ ደግሞ ለአንድ አፍታ በሌባ ዓይን እንየው። ለስላሳ ግንብ ለሌባ ክፉ ነው፤ እጅ የሚይዝበት፣ እግር የሚረግጥበት የለውም። ቀጥ ያሉ ዘንጎች ብቻ የቆሙበት የብረት አጥርም እንዲሁ ያስቸግራል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ከላይና ከታች ካሉት አግዳሚዎች በቀር መካከል ላይ ብረት አታብዙ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የኛ ሰው ግን ምክር አይሰማም። ከጉልበት ከፍታ ላይ ክብ ጥምዝ ያስገባል፤ ከወገብ ላይ ጽጌረዳ፣ ከደረት ላይ የአንበሳ አፍ። ይህ በሥነ ሥርዓት የተሠራ ደረጃ ነው። የቀኝ እግር ጥምዙ ላይ፣ የግራ እግር አበባው ላይ፣ እጅ አንበሳው አፍ ውስጥ፤ ከዚያ አንድ የተጣጠፈ ማዳበሪያ ጦሩ ላይ ጣል ማድረግና ወደ ውስጥ። ባለቤቱ ለሌባው መሰላል አሠርቶ፣ ቀብቶ፣ በየዓመቱ ለፋሲካ ያድሰዋል። ጦሩ እስካሁን ማንን እንደወጋ ማወቅ የሚፈልግ ካለ ኳሳቸው ግቢ የገባባቸውን የሰፈር ልጆች ሱሪ ይመርምር። ከእነሱ ቀጥሎ የተጎዳው ቁልፉን ቢሮ ረስቶ የመጣው ባለቤቱ ራሱ ነው።

የመንገድ ቦይ ክዳን የሚነቅል ሌባ ባለበት ከተማ ደግሞ፣ ብረት ለሌባ ማስፈራሪያ ይሆናል ብሎ ማሰብ የዋህነት አለበት። ብረት ገንዘብ ነው። ጠዋት «ቁራሌው!» እያለ የሚያልፈው ሰው ምናለሽ ተራ ድረስ የሚወስደው ዕቃ ሁሉ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጌጥ ይሁን ጦር አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ኪሎው ነው።

ይህን ልማድ ከአባቶቻችን ወረስነው የሚል ካለ እሱንም እናስታውሰው። የገጠሩ ሰው ሲያጥር ቅትቅታ ይጎነጉናል፣ ቁልቋል ይተክላል፣ የግራር እሾህ ይከምራል። ያ አጥር ከብት ለመከልከል፣ አውሬ ለማራቅ ነበር። እሳት ለመጫር የምትመጣ ጎረቤት ግን መግቢያዋን ታውቀዋለች፤ ውሻውም ያውቃታል። በአጥሩ ላይ ቅጠል ይቀባበላሉ፣ ወሬ ይቀባበላሉ፣ ልጅ ያቀባብላሉ። በላሜራ ላይ ምን ይቀባበላሉ?

ነገሥታቱስ እንዲህ ያደርጉ ነበር ይባል ይሆናል። ጎንደር እንሂድ። የፋሲል ግቢ አጥር ርዝመቱ ወደ 900 ሜትር ይደርሳል፤ ድንጋይና ኖራ ነው፣ ጠላት ነበረባቸው፣ ዙፋን ነበራቸው፣ የሚሰረቅም ነበራቸው። በዚህ አጥር ላይ ግን 12 በሮች አወጡለት። ለዳኞቹ ወንበር በር አለ፤ ለአዝማሪና ለመለከተኛው እንቢልታ በር አለ፤ ለሙታን መታሰቢያ የሚመጣውም ሰው ተዝካሮ በር አለው። ንጉሡ አጥር ሲያጥር ማን ማን እንደሚገባ አስቦ ነው ያጠረው። የኛ ባለ ሁለት መቶ ካሬ ንጉሥ ያለው አንድ በር ነው፤ እሱም ላይ ሌላ ትንሽ በር፣ በትንሿ በር ላይ ደግሞ ዓይን የምታህል መስኮት ተቀዶባታል። ተዝካር በላተኛ በዚያች ቀዳዳ ይግባ።

ሐረርም የባሰ ነው። የጀጎልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነባው አሚር ኑር በጦርነት የተከበበ ሰው ነበር፤ ፈርቶ ቢያጥር ማንም አይፈርድበትም። ያም ሆኖ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ሌላ በግንቡ ግርጌ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት ጅቡ ይገባል፣ የወደቀውን ትርፍራፊ ይለቅማል፣ ሲነጋ ይወጣል። እንግዲህ አንዲት የተከበበች ከተማ ለጅብ መግቢያ ስትተው፣ ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ያለ ሰላማዊ ሰው ለድመት ቀዳዳ አልተወም። ይባስ ብሎ ታላቁ ቤተ መንግሥት እንኳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል፤ ትኬት የቆረጠ ሰው ምኒልክ ግብር ያበሉበትን አዳራሽ ገብቶ ይጎበኛል። የጎረቤቴን ግቢ ግን በትኬትም ቢሆን ለማየት አልቻልኩም። ምን እንዳለው አላውቅም፤ ከአጥሩ ስገምት ግን ዘውድ ሳይሆን አይቀርም።

ወርቅማ ጦሩማ የመጣበት ሩቅ ነው። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ቤተ መንግሥቱ ፊት በወርቅ ያጌጠ የብረት አጥር አቁሞ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚቀዳው መልክ ከዚያ ወገን ነው። የቀጂው ችግር ታሪኩን እስከ መጨረሻው አለማንበቡ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1789 ዳቦ የቸገራቸው የፓሪስ ሴቶች በዝናብ በእግራቸው ቬርሳይ ድረስ ሄዱ፤ በማግስቱ ማለዳም ሕዝቡ ጠባቂ ባልቆመበት በር በኩል ገባ። ንጉሡና ንግሥቲቱ የዚያኑ ዕለት በሕዝቡ ታጅበው ወደ ፓሪስ ተወሰዱ። የወርቁ አጥር በአብዮቱ ዘመን ተነሣ፤ አሁን ጎብኚ ፎቶ የሚነሣበት እ.ኤ.አ. በ2008 እንደገና ተሠርቶ የተተከለ ምስሉ ነው። ወርቁ አልጎደለም ነበር፤ የጎደለው በሩ ላይ የሚቆም ሰው ነው።

የኛ ዘበኛ እንኳ አለ። በሩ አጠገብ ከቤቱ በተረፈ ቆርቆሮ በተሠራች ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ብርዱ ከበሩ ቀድሞ እሱን ያገኘዋል። ደመወዙ ይጨመርለት ዘንድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሁለት ጊዜም «ግንባታ ላይ ነኝ» ይባላል። የበሩ ዋጋ ስንት ዓመት ደመወዙ እንደሚሆን ባለቤቱ አስልቶ አያውቅም። ዘበኛው ግን ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ አስልቶታል። አጥር የሚጠብቅ ሰው ከአጥሩ አንድ አበባ ያነሰ ዋጋ እንዲኖረው አድርጎ በሰላም መተኛት እንዴት ያለ እምነት ነው! እንዲህ ያለ እምነት በሰው ላይ ያለው ባለጠጋ አጥር ለምን እንዳስፈለገው አላውቅም።

ለመጎብኘት የሄደ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ደወል አለ፤ መብራት የለም። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ሰሌዳ አለ፤ ውሻው የሞተው ባለፈው ክረምት ነው። ስለዚህ እንግዳው ከመንገድ ጠጠር ያነሣል፤ ቸኩሎ ከሆነ ሳንቲም ወይም የመኪና ቁልፍ ያወጣል፤ ያንን ውድ ብረት ይቆረቁረዋል። ማንኛውንም የሰፈራችንን በር ተመልከቱ፤ በሰው ትከሻ ቁመት ላይ ቀለሙ የተላጠ አንድ ቦታ አለው። ከዘመድ፣ ከቆጣሪ አንባቢና ከለማኝ ጠጠር የተረፈ ጠባሳ ነው። ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ ቀለሙ ከተነሣ እርጥበትና አየር ብረቱን በነፃነት ያገኙታል።

ዝገት ካነሣሁ ላይቀር ልጨርሰው፤ ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ ነው። አናቱ በሚገባ ካልተደፈነ የሐምሌ ዝናብ በዚያ ይገባና ግርጌው ላይ ይተኛል፤ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ቀለሙ ግን ከውጭ እንዳማረበት ይቆያል። ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረው እግርም ቀድሞ የሚበላው ከመሬቱ አፍ ላይ ነው። ዚንክ የለበሰ ብረት ገዝቻለሁ ብሎ የሚኩራራም አለ፤ ብየዳው በነካው ቦታ ሁሉ ዚንኩ ተቃጥሎ ተንኖ እንደሄደና ያ ቦታ ተሞርዶ፣ ተጠርጎ እንደገና ካልተቀባ ከተራ ብረት እንደማይለይ ማንም አልነገረውም። ከጥቂት ክረምት በኋላ አንበሳው ከዓይኑ ሥር ቡናማ ነገር ማንባት ይጀምራል። ሰዎች ዝገት ነው ይላሉ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ ግቢ ለምን እንደሚጠብቅ ሳይገባው ቀርቶ ነው እላለሁ።

እስካሁን ያወራሁት የሚያስቅ ነው። የመስኮቱ ብረት ግን አያስቅም። አጥሩ ተዘርግቶ ጦሩ ከቆመ በኋላ የተረፈው ብረት በየመስኮቱ ይሰካል፤ የመኝታ ቤቱ፣ የኩሽናው፣ የልጆቹ ሁሉ ይታጠራል። ከውጭ ሰው እንዳይገባ የተበየደ ብረት ከውስጥም ሰው እንደማያስወጣ የሚታወቀው ሌሊት ኤሌክትሪክ ተቃጥሎ ጭስ ሲነሣ ነው። የሳሎኑ በር ቁልፍ የት ነው? ኮመዲኖው ውስጥ፣ ከሌሎች ቁልፎች ጋር፣ በጨለማ። ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት አንድ መስኮት ማሠራት ይቻላል፤ ሁለት ማጠፊያና አንድ መቀርቀሪያ ነው፤ የትኛውም በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ጠይቆት የሚያውቅ ደንበኛ ግን ጥቂት ነው፤ ብዙው በዚያ ገንዘብ ሌላ ጽጌረዳ ያስጨምራል። ሌባ እንዳይገባበት ብሎ ቤተሰቡን ቆልፎበት የሚተኛ አባት ጥንቁቅ ሰው ይባላል በኛ ሰፈር።

መንገዱም ድርሻውን ይወስዳል። በሩ ከፍ ስላለ መኪና መግቢያው ከፍ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ኮንክሪት እስከ አስፋልቱ ጫፍ ይፈስሳል፣ የውሃ መውረጃው ቦይ ከሥሩ ይደፈናል፤ በክረምት ጎርፉ ወደ ታችኛው ጎረቤት ቤት ይገባል። የታችኛው ጎረቤት ብረት አጥር የለውም፤ ጎርፉም አያንኳኳም። በኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ምድር ቤት የደረሰው ሰው የሁሉንም የሆነችውን ቅንጣት ሣር በብረት ዘንግ ከቦ «የኔ ግቢ» ብሏታል፤ አራተኛ ፎቅ ያለችው እናት ልብስ የምታሰጣው እሱን እያየች ነው።

ከአሜሪካ ብር የሚልኩልንንም አልረሳኋቸውም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በብዙ ሰፈር ከቤት ፊት ለፊት ከፍ ያለ አጥር ማቆምን የአካባቢው ወይም የነዋሪዎቹ ማኅበር ደንብ ይከለክላል። እዚያ የኛ ሰው ቅዳሜ ጠዋት በቁምጣ ሆኖ ምንም ባልታጠረ ግቢው ሣሩን ያጭዳል፤ ያላፊውን ሁሉ ሰላምታ ይመልሳል፤ ፖስታ ቤቱ ያደረሰለት ካርቶን ደጃፉ ላይ ሲውል አይደነግጥም። ሣሩን አጭዶ ሲጨርስ ስልኩን አንሥቶ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ በቪዲዮ ይደውላል። «እስቲ በሩን አሳየኝ… ወደ ላይ… ጦሩ አጠረ እኮ!»

አንድ ቀን ብቻ ይህ ሁሉ ብረት ሥራ ይፈታል። ሰውየው አይቀርም፣ ያርፋል። የዕድሩ ጥሩንባ ከተነፋ በኋላ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ተመልሶ እንዳይዘጋ ድንጋይ ይደገፍበታል። ድንኳኑ በግቢው ብቻ ስለማይበቃ ከበሩ አልፎ መንገዱ ላይ ይተከላል። የማይታወቅ ሰው ሁሉ ይገባል፤ በቆሎ ጠባሿም ትገባለች፣ ታክሲ ጠባቂውም ይገባል፣ የዕድሩ ወንበርና ድስት ያለ ጠባቂ ሦስት ቀን ያድራል፤ አንድ ማንኪያ አይጠፋም። ለቀስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮውን እየበላ ዓይኑን ሲያዞር የበሩን የውስጥ ወገን ያያል፤ ጠባሳውን፣ ፍንጣሪውን፣ ባዶውን የራስ ቅል። ጎረቤትየውም ከመካከላቸው አለ፤ ያ የሃያ ሳንቲው። አንገቱን ደፍቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ በትካዜ ወደ ሟቹ የበኩር ልጅ ጠጋ ይላል።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ። አባትህ መልካም ሰው ነበሩ።»

«አሜን፣ ጋሼ።»

«ኧረ ለመሆኑ… የበያጁ ስልክ አለህ?»